በጥር ጊዮርጊስ የማይጫን ኑግ

ዳንግላ፣ የካቲት 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክንዴ ሀብቱ፣
ዓደን

ቃሉን የበላ ሰው ተብያለሁ። በዳንግላ ገበያ መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ እየሰማች። የሰደበኝ አቶ ውቤ ነው፤ ለአንድ የዓደን ንግድ ቤት ቅባት እህል የሚሰበስበው ነጋዴ። ሰባ አንድ ዓመት ስኖር ድሀ ተብያለሁ፣ ግትር ተብያለሁ፣ አንድ ጊዜም ዳኛ በችሎት ላይ «በሬ» ብሎኛል። ይህን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ሰላምታውን ወደኋላ ያደረግሁት በደሉ እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ ነው። እንደምን ሰነበትህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ እናትነሽም ደህና ናት። አያትህ ወርቅአየሁና የእኔ እናት የእኅትማማች ልጆች ነበሩ፤ ረስተኸው እንደሆነ አስታውሼሃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳትጽፍልኝ መቆየትህን ግን አላነሳም።

ነገሩ ይህ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ኑጉ ገና ሳያብብ፣ ውቤ ውል ይዞ መጣ። መቶ ሃያ ኩንታል ኑግ፣ ዋጋው ያኔውኑ ተቆርጦ፣ እስከ ጥር 23 ቀን ዳንግላ መጋዘኑ ድረስ እንዳስረክብ። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የአሥራ አንድ ቤት ኑግ ነው። ጎረቤቶቼ ለውቤ አልሰጡትም፤ እኔን አምነው ለእኔ ሰጡኝ። ውሉ በአንድ ወረቀት በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የአማርኛውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሁለቱንም ፈረምኩ።

ጥር 23 ጊዮርጊስ ነው። አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ በዚያ ቀን ማን ጆንያ ይሸከማል? ሰው ሁሉ ፈረስ ላይ ነው፤ ፈረስ የሌለውም ፈረስ ያለውን ለማየት ሜዳ ላይ ነው። ለጥር ጊዮርጊስ የተቀጠረ ሥራ በማግሥቱ ጠዋት እንደሚሠራ እዚህ የማያውቅ የለም። ስንፈርም ስለዚህ መነጋገር እንኳ አላስፈለገንም። በ24 ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን በስምንት ጋሪ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ኑጉን ገበያው መካከል ካለው መጋዘን ደጃፍ አደረስን።

ውቤ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «አያ ምህረቴ፣ ቀኑ አልፏል» አለኝ።

«በማን ላይ ነው ያለፈው?»

«በውሉ ላይ። ዓደን ያሉት ሰዎች ከጥር 23 ካለፈ እንዳትቀበል ብለው ጽፈውልኛል።»

«አንተስ ትናንት ልትቀበለኝ ነበር?»

ይህን ስለው ፊቱ ቀላ። ነገሩ ተካረረ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ እሱም ያንን ቃል ተናገረ። ኑጉ አሁን በነጋ ጎተራ ውስጥ ተቆልሎ ይገኛል።

ነጋ የፈረሰኞች ማኅበራችን ሰብሳቢ ነው። የማኅበራችን ደንብ ቃሉን የበላ ሰው በጥር ከረድፍ አይግባ ይላል። ደንቡን ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝ። ነጋ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ምህረቴ፣ ስምህ እስኪነጻ ኮርቻህን ስቀለው» አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም እሱን ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ሃምሳ ዓመት ጋልቤአለሁ። በመጪው ጥር ሜዳው ዳር ከሴቶች ጋር ቆሜ ሌላ ሰው ሲጋልብ ማየት አልችልም።

በሕግ ሰዎች ቤት እንደምትሠራ ሰምቻለሁ። እዚህም ለጠየቀኝ ሁሉ ዘመዴ ዓደን ላይ ጠበቃ ነው እያልኩ ነው። ገንዘብ አልለምንህም። የምፈልገው የእንግሊዝኛው ወረቀት ምን እንደሚል እንድትነግረኝ ነው። ፊደሉን ስለማላውቀው እንደ ሥዕል እያየሁ ገልብጬልሃለሁ። ጀርባው ላይ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ትቼዋለሁ፤ ሰው እንዲያነበው ተብሎ የተጻፈ አይመስልም።

ምህረቴ አበረ

ዓደን፣ መጋቢት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ምህረቴ አበረ፣

ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ እርስዎንም እትዬ እናትነሽንም በጤናና በደስታ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። እዚህ በመጋቢት ሰው እንደ ቅቤ ይቀልጣል።

ስለ አራቱ ዓመት አላነሳም ብለዋልና እኔም አላነሳም። ግን አፍሬአለሁ።

የግልባጩን ነገር ልንገርዎ። የምሠራው በሚስተር ሶራብ የሕግ ቢሮ ነው። ሚስተር ሶራብ ከቦምባይ የመጡ ሽማግሌ ጠበቃ ናቸው። የእርስዎን ግልባጭ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህን የጻፈው ሰው እንግሊዝኛ የት ተማረ?» አሉኝ። «አያውቅም» ስላቸው ወረቀቱን ለቢሮው ሰው ሁሉ አዞሩት። እርስዎ አንድም ፊደል አልሳቱም።

ወደ እኛ ቢሮ ነፍስ የገደለ ሰው አይመጣም። የሚመጡት በቡና፣ በቆዳ፣ በሰሊጥና በኑግ ውል የተጣሉ ነጋዴዎች ናቸው። የእርስዎም ነገር እንዲህ ነው። እርስዎ ነሐሴ ላይ እንደፈረሙ ንግድ ቤቱ ያንኑ ኑግ መስከረም ላይ ለሌላ ሸጠው፤ ያም ለሌላ። አበባው ሳይረግፍ ወረቀቱ አምስት እጅ ዞሯል። ከአምስቱ አራቱ ኑግ ምን እንደሚመስል አያውቁም። የሚገዙት እህሉን አይደለም፤ ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብለው ውሉን ነው። እንዲያውም ውሉን እንኳ ሳይገዙ፣ ውሉን የመግዛት መብት ብቻ በጥቂት ገንዘብ የሚይዙ አሉ፤ ሲያዋጣቸው ይገዛሉ፣ ካላዋጣቸው ይተዉታል።

ጥር ላይ የኑግ ዋጋ ወረደ። ንግድ ቤቱ የእርስዎን ውድ ኑግ ጥሎ ርካሹን ለመግዛት ምክንያት ሲፈልግ አንዲት ቀን አገኘ። በእንግሊዝኛው የተጻፈው የጃንዋሪ መጨረሻ ቀን ነው፤ እሱም ጥር 23 ላይ ይውላል። የጻፈው ሰው የወር መጨረሻ መሆኑን እንጂ ጊዮርጊስ መሆኑን አያውቅም።

አንድ መላ አለ። በውሉ ፊት ገጽ ላይ፣ ሻጩ በጠና ከታመመ ጥቂት ቀን ይጨመርለታል የሚል ቃል አለ። ያን ዕለት አሞኝ ነበር ብለው አንድ ወረቀት ቢያጽፉ ነገሩ በአጭር ያልቃል። ይህን ሚስተር ሶራብ አላሉም፤ እኔው ነኝ ያልኩት።

እሳቸው ያሉት ግን፣ «ጉንዳኖቹ የታሉ?» ነው። እዚህ አገር ዋናው ነገር የሚጻፈው በጉንዳን ነው። እባክዎ ይላኩልን።

አክባሪዎ ክንዴ

ዳንግላ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክንዴ ሀብቱ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጥር 23 ቀን አላመመኝም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ዳማ ፈረሴን ይዤ ሁለት ጊዜ ከፊት ወጥቻለሁ፤ ያየኝ ሰው ብዙ ነው። ውሸታም አይደለሁም ለማለት ልዋሽ ነው? ይህን ሐሳብ ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። ወረቀት አታባክን።

ስለ ወረቀት ንግዱ የጻፍከውን ለእናትነሽ አነበብኩላት።

«ኑግ ሳይኖራቸው ነው ኑግ የሚሸጡት?» አለች።

«አዎ።»

«ገዢውስ?»

«እሱም ኑግ አይፈልግም።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?» አለችኝ።

እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ከስምንት ዓመት በፊት የነጋ ባዝራ ስታረግዝ ለነጋ አንድ ሙክት ሰጠሁት። ውርንጭላው ከተወለደ በኋላ አይቼው፣ ካማረኝ በተነጋገርነው ዋጋ እኔ እንድገዛው፣ ካላማረኝ ሙክቱ ለነጋ እንዲቀር ነው። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው። አሁን የምጋልበው ዳማ ያ ውርንጭላ ነው። ለሚስተር ሶራብ ንገርልኝ፤ ይህን ለመማር ቦምባይ መሄድ አያስፈልግም። ልዩነቱ እኔ በመጨረሻው ፈረስ ላይ ወጥቻለሁ። የእናንተዎቹ ምን ላይ እንደሚወጡ እንጃ።

ጉንዳኖቹን ገልብጬ ልኬአለሁ። ከሰዓት ጠጋኙ አጉሊ መነጽር ተውሼ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው መስመር ላይ አንዲት የማትገባ ነጥብ ካገኘህ የእኔ አይደለችም፤ ዝንብ ናት።

የኑጉ ባለቤቶች እስካሁን ምንም አላሉኝም። አሥራ አንዱም ቤት በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል። ሰላምታው ግን አጥሯል። ጎረቤቴ በቀለች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አሥር ኩንታሏ እዚያ ጎተራ ውስጥ አለ። ትናንት መጥታ፣ «አያ ምህረቴ፣ እኔ እርስዎን ነው የማምነው፤ ግን አይጥ ማመኔን አያውቅም» አለችኝ። ስቃ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ፍጠን።

ምህረቴ አበረ

ዓደን፣ ግንቦት 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የቤትዎ ሁሉ ሰላም ብዙ ይሁን። ይህን የምጽፈው እየቸኮልኩ ነው፤ ደስታ ነው ያስቸኮለኝ።

ዘጠነኛው ተራ ጉንዳን ላይ አገኘነው! እንዲህ ይላል፤ «የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን፣ በማስረከቢያው ቦታ ልማድ ሥራ በማይሠራበት ቀን ላይ ከዋለ፣ ቀጥሎ ያለው የሥራ ቀን እንደ መጨረሻ ቀን ይቆጠራል።» ቃሉ ልማድ ነው የሚለው! እርስዎ ጆንያ አይጫንም ያሉትን እንግሊዞቹ ራሳቸው ጽፈውታል። ሚስተር ሶራብ ይህን ሳሳያቸው ሻያቸውን ረስተው ቆሙ። ይህን ንግድ ቤት የራሱ ወረቀት ነው የሚመታው አሉ። ነገሩን ለራሳቸው ይዘውታል፤ ክፍያቸውን ከተረታው ወገን ነው የሚፈልጉት።

አሁን የምነግርዎ ሌላ ነገር አለ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ፋይል እሸከማለሁ፣ ወደ ፍርድ ቤት ወረቀት አደርሳለሁ፣ ከአበሻ አገር የሚመጣ ደብዳቤ ሲኖር እተረጉማለሁ። ከአገር ስወጣ ለሁሉም ሕግ ልማር ነው ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። አራት ዓመት ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ስል ምን ሆነህ ይሉኛል ብዬ። እርስዎ በገበያ ላይ ጠበቃ ብለው ስለጠሩኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። ሳይዋሹ ያዋሸኹዎ እኔ ነኝ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ጉዳዩን የሚያዩት ከዓደን ነጋዴዎች የተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ንግድ ቤቱ መልስ ሰጥቷል። ጥር 23 በመንግሥት በዓላት ዝርዝር ውስጥ የለም ይላል። ሌላም ይላል፤ ወኪላችን ውቤ ያን ዕለት ሚዛኑን ዘርግቶ፣ መጋዘኑን ከፍቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጠብቅ ውሏል ይላል። ይህ እውነት ከሆነ ጉንዳኑም አያድነንም። በዚያ ቀን ውቤ የት እንደዋለ የሚያውቅ ሰው አለ? ካለ በጽሑፍ ይላክልን።

ክንዴ

ዳንግላ፣ ሰኔ 6 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለክንዴ ሀብቱ፣

ሰላም ሁን።

ጠበቃ አለመሆንህን ከመጀመሪያው ደብዳቤህ አውቄአለሁ። ጠበቃ «አፍሬአለሁ» ብሎ አይጽፍም። ፋይል የሚሸከም ሰው ዘጠነኛውን መስመር ካገኘ ፋይሉን በደንብ ነው የተሸከመው። በገበያ ላይ የተናገርኩትን ግን አልመልስም፤ እስክትሆን እጠብቃለሁ።

መጋዘኑ ጥር 23 ቀን ዝግ ነበር። ውቤ የት እንደዋለ አውቃለሁ። አልናገርም። አትጠይቀኝ።

ምህረቴ አበረ

ዳንግላ፣ ሰኔ 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለክንዴ፣

እንደምን ከረምክ ልጄ? እኔ እናትነሽ ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ሸጋ የሚባለው የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ነው። አያ ምህረቴ ወደ እርሻ ሲወርድ ጠብቄ ነው የመጣሁት፤ እንዳትነግርብኝ።

ውቤ ጥር 23 ቀን የት ዋለ ብለህ ጽፈሃል። የት ይውላል! ሜዳ ላይ ነው የዋለው። እሱም የማኅበሩ ፈረሰኛ ነው። ያውም አዲስ ፈረስ ገዝቶ፣ ቀይ ግላስ አልብሶ፣ ራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር አድርጎ። ገና ጉግሱ ሲጀመር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከፈረሱ ወደቀ! ፈረሱ ብቻውን ዞሮ ዞሮ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። እኛ ሴቶቹ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ምንም አልሆነም፤ ብቻ እስከ ማታ ከዛፍ ሥር በደረቱ ተኝቶ ዋለ፤ መቀመጥ አልቻለም።

ወንዶቹ ግን ደንብ አላቸው። ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ውድቀቱ ከሜዳ አይወጣም፤ ማኅበርተኛ ሆኖ ያወራ ከማኅበር ይወጣል። ሁሉም አይተዋል፤ ሁሉም አፋቸውን ለጉመዋል። አያ ምህረቴን፣ «መውደቁን ተወው፤ ሜዳ ላይ ነበረ ብቻ በል» አልኩት።

«ነበረ ካልኩ ቀጥሎ ምን ሆነ ይሉኛል» አለኝ።

«አላውቅም በላቸው።»

«አውቃለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር አርባ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። በአገውኛ የመለስኩለትን ሸጋ አልጽፍም ብሎኛል።

በየጠዋቱ ዳማውን ያወጣዋል፤ ያሻሸዋል፤ መልሶ ያስገባዋል። አይጋልብም። ኮርቻው ከተሰቀለ አራት ወር ሆነ። እኔ ፈረስ ጋልቤ አላውቅም፤ የማንም ማኅበር ደንብ አያስረኝም። ስለዚህ ነገርኩህ። እንዴት እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ፤ ሰውየውን ብቻ አታሳፍርብኝ። ውቤንም ቢሆን በጣም አታሳፍረው፤ እናቱ ጥሩ ሰው ነበረች።

እናትነሽ

(ከላይ የተጻፈው የእመት እናትነሽ ቃል ነው። ከራሴ የጨመርኩት የለም። እኔም ሜዳው ላይ ነበርኩ፤ ማኅበርተኛ ስለሆንኩ ምንም አላየሁም። ሸጋ፣ ጸሐፊ።)

ዓደን፣ ነሐሴ 21 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ ምህረቴ አበረ፣

እልል ይበሉ! እትዬ እናትነሽም እልል ይበሉ! ሰላምታውን ዛሬ እኔም ወደኋላ አደረግሁት። ረትተናል። ንግድ ቤቱ መቶ ሃያውን ኩንታል በአምናው የነሐሴ ዋጋ እንዲረከብ፣ የጎተራውንም ኪራይ እንዲችል ተፈርዶበታል።

እንደምን ሰንብተዋል? አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የመናዊ፣ አንዱ ሕንዳዊ፣ አንዱ ግሪክ ናቸው፤ ሦስቱም ፀጉራቸው የነጣ ነው። የንግድ ቤቱ ጠበቃ ወጣት ነው፤ ብዙ ይናገራል። ወኪሉ መጋዘኑን ከፍቶ መዋሉን ደጋግሞ ተናገረ። ሚስተር ሶራብ ተነሡና፣ «ወኪሉን ራሱን ብንጠይቀውስ?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ እኔም ለእሳቸው ከዚያ ያለፈ አልነገርኳቸውም። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ለውቤ በቴሌግራም አንድ ጥያቄ ተላከ፤ ጥር 23 ቀን መጋዘኑ ክፍት ነበር ወይ?

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። እኔ ነኝ ተርጉሜ ያነበብኩት። «ዝግ» ይላል።

ወጣቱ ጠበቃ ተነሥቶ፣ ምናልባት ወኪሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር አለ። ሁለተኛ ቴሌግራም ተላከ፤ አንተ የት ነበርክ? መልሱ፣ «ፈረስ ላይ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ወጣቱ አልተቀመጠም። «ቀኑን ሙሉ ፈረስ ላይ ሊውል አይችልም፤ በቀረው ሰዓት ሊረከብ ይችል ነበር፤ ይጠየቅልኝ» አለ። ሚስተር ሶራብ፣ «እኔ ባልጠይቅ እመርጣለሁ» አሉት። እሱ ግን ግድ አለ። ሦስተኛ ቴሌግራም ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ ፈረስ ላይ ነበርክ ወይ?

አጎቴ፣ የውቤን መልስ ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ። «አይደለም። ጥቂት ጊዜ ብቻ። የቀረውን መሬት ላይ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። ማንም አልሠራም።»

የመናዊውን ሽማግሌ መጀመሪያ እንደ ሳል አደረጋቸው፤ ሳል እንዳልሆነ ሁሉም አወቀ። ግሪኩ ወጣ ብለው ተመለሱ። ሕንዳዊው ብቻ ፊታቸውን አልለወጡም፤ ፍርዱን ያነበቡት እሳቸው ናቸው። በማስረከቢያው ቦታ በዚያ ቀን ሥራ አለመኖሩን የገዢው ወኪል ራሱ በአካሉ መስክሯል አሉ። በአካሉ ሲሉ እሳቸውም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ውቤ ክፉ ሰው አይመስለኝም። መጋዘኑ ክፍት ነበር ያለው እሱ አይደለም፤ ንግድ ቤቱ ሳይጠይቀው የጻፈው ነው። ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ፤ ለእሱ ቀላል አልነበረም። የእርስዎን አፍ ማንም አልነካውም።

ሚስተር ሶራብ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የጠበቃነቱን ትምህርት በእሳቸው ሥር እንድጀምር ወስነዋል። «ዘጠነኛውን መስመር ያየ ዓይን ፋይል ሲሸከም አይቅር» ነው ያሉት። ከእርስዎ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ አለ። ይህን ጉዳይ ለወጣት ጠበቆች ማስተማሪያ አድርገው ሊጽፉት ነው። በዚያ ቀን ምን እንደሆነ፣ ለምን ዝም እንዳሉ፣ በገበያም ምን እንደተባባላችሁ ከእርስዎ አንደበት በዝርዝር እንዲልኩላቸው ይለምናሉ።

አክባሪዎ ክንዴ

ዳንግላ፣ ጥር 26 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለክንዴ ሀብቱ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለሚስተር ሶራብ ይሁን። መልስ ያዘገየሁት ያላለቀ ነገር መጻፍ ስለማልወድ ነው። አሁን አልቋል።

መስከረም ላይ ውቤ በሁለት የጭነት መኪና መጥቶ ኑጉን ከነጋ ጎተራ ጫነ። አይጥ የነካው ሁለት ጆንያ ነበር፤ በራሱ ተነሣሥቶ ሳይመዝነው ተቀበለው። በቀለች አሥሩን ኩንታሏን መኪናው ላይ ሲወጣ ቆማ ቆጠረች። የአሥራ አንዱም ቤት ሰላምታ ተመልሶ ረዝሟል፤ እንዲያውም አሁን በመንገድ ስለሚያቆሙኝ ሥራ አስፈትተውኛል።

ከዚያ በገበያ ቀን፣ ያንን ቃል በተናገረበት ቦታ ላይ፣ ውቤ ጆንያ ላይ ወጥቶ ቆመና፣ «ስሙኝ! ቃሉን የበላው እኔ ነኝ እንጂ አያ ምህረቴ አይደለም!» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው። እናትነሽ እልል አለች፤ ገበያው ሁሉ ተከትሎ እልል አለ። አንዲት ጨው ሻጭ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ረጅሙን እልልታ አሰማች። እኔ ሄጄ ጨበጥኩት። «ይበቃል፤ ውረድ» አልኩት።

«ይቅር ብለኸኛል አያ?»

«ጮኸህ ነው የሰደብከኝ፤ ጮኸህ መለስከው። ተካክሏል።»

ነጋ ያን ዕለቱኑ መጥቶ ኮርቻዬን በገዛ እጁ ከግድግዳው አወረደው። የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ዳማው ስምንት ወር ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣው። ሰው ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው ብሎ አላዘነልኝም፤ እኔም ለማንም አላዘንኩም። ሦስት ጊዜ ከፊት ወጣሁ። ውቤን ነጋ ከእኔ ቀጥሎ በረድፉ አሰለፈው። ቀኑን ሙሉ አብረን ዋልን፤ ማታም ከጠላው ላይ አብረን ነበርን። እናትነሽ ስትጨፍር ካየኋት ስንት ዓመቴ ነው፤ ያን ማታ ጨፈረች። ደብዳቤ እንደጻፈችልህ አውቃለሁ። ሸጋ ምስጢር አይችልም። አልተቆጣኋትም፤ እሷም እንድቆጣት አልጠበቀችም።

መጪው ዓመት ለጥር ና። ትምህርትህ ፈቃድ የማይሰጥህ ከሆነ ለሚስተር ሶራብ እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤ በራሳቸው ፊደል አሳምሬ እጽፈዋለሁ። ፈረስም ይኖርሃል። የነጋ ባዝራ እንደገና አርግዛለች፤ ባለፈው ሳምንት ሙክት ሰጥቼዋለሁ፤ በስምህ ነው። ተወልዶ አይተኸው ካላማረህ ሙክቱ ለነጋ ይቅር።

ሚስተር ሶራብ የጠየቁትን በተመለከተ፤ ጉዳዩን ለማስተማሪያ ይጻፉት። ውሉ እጃቸው ላይ ነው፤ ፍርዱም እጃቸው ላይ ነው። የኑግን ውልና የቀኑን ነገር ከዚያ ያገኙታል። በሜዳ ላይ የሆነውን፣ በገበያ የተባለውን፣ እኔ ምን እንደተሰማኝ ግን ከእኔ አይጠብቁ። ያ ሰው አሁን ከጎኔ የሚጋልብ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ስዘጋ ነገሩንም ዘጋሁት። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ፣ ለአንተም ሆነ ለዳኛ፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን፣ አንድ ቃል አልናገርም፤ አንድ መስመርም አልጽፍም።

ምህረቴ አበረ